ደሴ ላይ የሚበጅ ቁም ሳጥን ኮምቦልቻ ላይ ላይበጅ ይችላል፦ የልብስ ማስቀመጫና ማደሻ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ባቲ ደግሞ ከዚያም ወርዳ 1,500 ሜትር አካባቢ። ቁልቁለቱን የወረደ ሰው ሹራቡን ሲያወልቅ ልዩነቱ ይገባዋል። ልብስም እንደዚያው ነው። ደሴ፣ ወረኢሉና ደላንታ ላይ ልብስ የሚያጠፋው እርጥበት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ጋቢ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እንኳ ጠርዙ አይደርቅም፣ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ቀድሞ ይቀበላል። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ላይ ደግሞ ጠላቶቹ ላብ፣ አቧራ፣ ፀሐይና ብል ናቸው።

ስለዚህ "የትኛው ቁም ሳጥን ይሻላል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ቤቱ የት ነው?" የሚለው ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ማውጣትና መለየት

ጊዜው ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ነው። ፀሐዩ በርትቷል፣ የታጠበው በዕለቱ ይደርቃል፣ ልብስ ሰፊዎችም የጥር ሠርግና የጥምቀት ሥራ ገና አልተደራረበባቸውም። በክረምት ልብስን አውጥቶ አጣጥፎ መልሶ መክተት ግን እርጥበቱን አብሮ ማሸግ ነው።

ከፊሉን ብቻ አውጥቶ መለየት አያዋጣም፤ የቀረው ክፍል ያው ዝብርቅርቅ ሆኖ ይቀራል። አልጋው ላይ አንሶላ አንጥፈው ሁሉንም ያውጡና አራት ቦታ ይክፈሉት፦ የሚለበስ፣ መታጠብ ወይም መጠገን ያለበት፣ ለሰው የሚሰጥ፣ ውሳኔ ያልተገኘለት። ውሳኔ ያጣው በንጹህ ማዳበሪያ ይገባና ቀኑ ይጻፍበታል።

ብዙ ቦታ የሚነገረው "ስድስት ወር ያልለበሱትን ያስወግዱ" የሚል ምክር ለወሎ ቤት አይሆንም። ካፖርቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው የሚፈለገው። የጥምቀት ቀሚስ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ለዒድም ለገናም የሚዘጋጅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የሁለቱም በዓል ልብስ ተራውን ይጠብቃል። እዚህ አገር ልብስ የሚፈተነው በሙሉ ዓመት ነው። ለዚህ የሚረዳው ቀላል ዘዴ፣ የተሰቀለውን ሁሉ የመስቀያውን መንጠቆ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። የተለበሰው ሲመለስ መንጠቆው ይስተካከላል። በዓመቱ እንደተገለበጠ የቀረው የማይለበስ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

ማስቀመጫው፦ እንጨት፣ ቺፑድ፣ ላሜራ ወይስ ሸራ?

ዕቃ ከመግዛት በፊት ግድግዳውን መፈተን ይገባል። ግማሽ ክንድ በግማሽ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ይቁረጡና ቁም ሳጥኑ ሊቆም በታሰበበት ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ። ሁለት ቀን ያቆዩት። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ዓይነት ቁም ሳጥን አያቁሙ። ጠብታው ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ደግሞ ችግሩ የቤቱ አየር ነው፦ የምግብና የቡና እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ፣ የማይከፈት መስኮት። ይህኛው በመስኮትና በክፍተት ይፈታል። በደሴ የውጭ ግድግዳ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የክፍሉ እርጥብ አየር እሱ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል፤ ከሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የውስጥ ግድግዳ ሁልጊዜ ይመረጣል። የትም ይቁም፣ ከጀርባው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳው እግር እርጥበት ይስባልና ቁም ሳጥኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያነሳው እግር ያስፈልገዋል።

ቺፑድ አሁን በብዛት የሚሸጠው ነው። ዋጋው ከደህና እንጨት ይቀንሳል፣ ፊቱ ያምራል፣ ቶሎ ይደርሳል። የሚሞተው ከታች ነው። ሊሾው በውሃ በተወለወለ ቁጥር ያልተሸፈነው የታችኛው ጠርዝ ውሃ ይመጥና ያብጣል፤ አንዴ ያበጠ ቺፑድ ደርቆ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሁለተኛው ደካማ ቦታ ማጠፊያው ነው። ብሎኑ የሚይዘው በሙጫ የተጣበቀ ስብርባሪ እንጨት ስለሆነ በሩ ተደጋግሞ ሲጎተት ቀዳዳው ይሰፋል። ያኔ የባሰ ወፍራም ብሎን ማስገባት ስብርባሪውን ይጨምራል። ትክክለኛው ጥገና ቀዳዳውን በኮላ በተነከረ ድፍን እንጨት ሞልቶ፣ 24 ሰዓት አድርቆ፣ ብሎኑን እንደ አዲስ መሰርሰር ነው። ሲገዙ ከሥር አጎንብሰው ይመልከቱ፦ የታችኛውና የጀርባው ጠርዝ ካልተሸፈነ ለደሴ አይግዙት፤ ካልሆነም በቀለም ወይም በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ አስቀብተው በብረት ወይም በፕላስቲክ እግር ያስነሱት። ለኮምቦልቻና ለባቲ ግን ቺፑድ ጥሩ ምርጫ ነው።

ድፍን እንጨት ለደጋው ይሻላል፤ እርጥበቱን ስቦ መልሶ ይተፋል፣ ማጠፊያውም ብሎኑን ይይዛል። ችግሩ የእንጨቱ አለመድረቅ ነው። ባልደረቀ ባህር ዛፍ የተሠራ በር በክረምት ገጥሞ በበጋ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። አናጢውን ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት እንጨቱ ተሰንጥቆ ስንት ወር እንደቆየ ይጠይቁ፤ ሁለት ቁራጭ እርስ በርስ ሲመቱ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። በክረምት የሚሠራ ከሆነ በበሮቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል፤ ሰፊ ክፍተት ከተዉ በበጋ እንጨቱ ሲሸሽ አቧራ መግቢያ ይሆናል።

የላሜራ ቁም ሳጥን አያብጥም፣ አይጥም አይበሳውም። ለቆላው፣ በተለይ አይጥና ምስጥ ለሚያስቸግረው ቤት፣ ከሁሉም የበለጠ ይህ ነው። ደሴ ላይ ግን ሌሊት የቀዘቀዘው ብረት ውስጡ ላብ ያወጣል፤ ቀለሙ በተጫረበት ቦታ ዝገት ይጀምርና ነጭ ጋቢ ላይ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ያትማል። ደሴ ውስጥ ላሜራ ያለው ሰው መጣል የለበትም፦ የተጫረውን በወረቀት ፈቅፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባ፣ መደርደሪያዎቹን ሁሉ አቡጀዲ ያልብስ።

ተጣጣፊው የሸራ ቁም ሳጥን ለተከራይ፣ ለተማሪና ቶሎ ቶሎ ቤት ለሚቀይር ሰው ነው። ሸራው አየር ያስገባል፤ በዚህ ረገድ ለእርጥበት ቤት ከታሸገ ቺፑድ ይሻላል። ውድቀቱ ክብደት ነው። አንድ ደህና ጋቢ ብቻውን ከኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሦስት ጋቢና ሁለት ካፖርት በላይኛው ቱቦ ላይ ሲሰቀሉ ቱቦው መሐሉ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ከባዱን ከታች አጥፈው፣ ሸሚዝና ቀሚስ ብቻ ሰቅለው ከተጠቀሙበት ዓመታት ያገለግላል። ዚፑ የሚበላሸውም ውስጡ ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ነው።

ሳጥንና ሻንጣ ለጋቢ፣ ለቡልኮና ለብርድ ልብስ ዛሬም ተወዳዳሪ የላቸውም፤ የዕለት ልብስ ግን አይከተትባቸውም፤ ከሥር ያለውን ለማውጣት ሁሉም ይናዳል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን አቧራና ብል አያስገባም፤ ግን ያስገቡትን እርጥበትም አያስወጣም። ፀሐይ ላይ ውሎ ቤት ውስጥ ያልቀዘቀዘ ልብስ እዚያ ከገባ ሊሻግት ይችላል።

ለአናጢ ሲያዝዙ የሚያስፈልጉት ልኮች እነዚህ ናቸው። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ከዚህ ካነሰ የኮት ትከሻ በሩን ይነካል። ለረጅም ልብስ፣ ማለትም ለሀበሻ ቀሚስ፣ ለጀለቢያ፣ ለጅልባብና ለካፖርት፣ ከቱቦው እስከ ታች 150 ሳንቲ ሜትር፤ ለሸሚዝና ለጃኬት 100 ይበቃል። ስለዚህ በአንድ ወገን ረጅሙን፣ በሌላው ሁለት ቱቦ አንዱን በአንዱ ላይ ማድረግ ቦታውን በእጥፍ ይጠቅማል። ቱቦው ከአንድ ሜትር ከረዘመ መሐሉ ላይ ድጋፍ ይደረግለት። መደርደሪያዎቹ በ35 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከዚያ የበለጠ ከፍታ ክምር ይፈጥራል፣ ክምር ይናዳል። ለደጋ ቤት በበሩ ላይና በጀርባው የላይኛው ክፍል ጣት የሚያስገቡ ጥቂት ቀዳዳዎች ያስበሱ፤ አይጥ የሚሠጋ ከሆነ ወንፊት ይመታባቸው።

መስቀል ወይስ ማጠፍ?

ደንቡ አጭር ነው፦ በክብደቱ የሚለጠጥ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ የሚጨማደድ ይሰቀላል። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ኮትና ጅልባብ ይሰቀላሉ። ሹራብ ይታጠፋል፤ የተሰቀለ ሹራብ ትከሻው ላይ ጉብ ያወጣል፣ ርዝመቱም ይጨምራል። ሽርጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሻሽና ሂጃብ በመሳቢያ ውስጥ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ከቆሙ ሁሉም በአንዴ ይታያሉ። የሽቦ መስቀያ ለደሴ ጨርሶ አይሁን፤ ዝገቱ የሸሚዝ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ብዙ የሚበላሸውና ብዙ የሚያስቆጨው የሀበሻ ቀሚስ ነው፤ እሱ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ክሩ ላላ ያለ ነው፤ ከታች ያለው ጥበብ ደግሞ ይከብዳል። ወር ሁለት ወር ሲሰቀል ጥበቡ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትትና የቀሚሱ ጠርዝ ወጣ ገባ ይሆናል፣ ትከሻው ይሳሳል። ስለዚህ ከበዓል በኋላ ሌሊቱን ብቻ ሰቅለው ላቡን ያናፍሱ፣ ከዚያ ያጥፉት። አጥብቆ የተጨማደደ እጥፋት እዚያው ቦታ ላይ ዓመት ከቆየ ክሩን ይቆርጣል፤ በተለይ የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥበብ በእጥፋቱ መስመር ይሰበራል። መፍትሔው ቀሚሱን በጀርባው አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ አቡጀዲ እንደ ዱላ ጠቅልሎ በእጥፋቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ እጥፋቱ ክብ ይሆናል እንጂ አይሳልም። ከዚያ በሌላ አቡጀዲ ይጠቀለላል። ጋዜጣ ቀለሙን ይለቃል፤ ፌስታል ያፍናል። በየአራት ወሩ አንዴ አውጥቶ በሌላ መስመር ማጠፍ ይገባል።

ስታርች የተደረገበት ልብስ ተጣጥፎ ለወራት አይቀመጥ። ስታርቹ ጨርቁን በእጥፋቱ ላይ ያደርቃል፣ ነፍሳትም ይስባል። ሽቶም ልብሱ ላይ አይረጭም፤ ቆይቶ ቢጫ ነጥብ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በቅርብ ይቀመጥ፦ የለቅሶ ነጠላና ጥቁር ልብስ። መርዶ ቀጠሮ የለውም። ከሳጥን ሥር የሚፈለግ ነጠላ የሚገኘው ሌላው ሁሉ ከተናደ በኋላ ነው። በበሩ አጠገብ፣ በእጅ ርዝመት ላይ ባለው መደርደሪያ ጥግ ለብቻው ቦታ ይሰጠው።

ሻጋታና ብል፦ የትኛው መከላከያ?

ሻጋታ ደረቅ ቦታ አያድግም። ደሴ ላይ በቁም ሳጥን ውስጥ ጨው በሳህን ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ጨው ግን የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። በሐምሌ ሳህኑ ሞልቶ ከሥሩ ያለውን ልብስ ያበላሻል። ከሰል ሽታ ይቀንሳል፣ እርጥበት የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። ከሁለቱም የሚበልጠው ልፋት ነው፦ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ከረፋድ እስከ ቀትር በሩን ከፍቶ ማዋል፣ ቁም ሳጥኑን ከአቅሙ ሦስት አራተኛ ብቻ መሙላት፣ እርጥብ ፎጣና የተለበሰ ካልሲ አለመክተት። የሻገተ እንጨት እኩል ውሃና አቼቶ በተነከረ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይደርቃል። የሻገተ ልብስ ቤት ውስጥ አይራገፍም፤ ውጭ ተቦርሾ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ነው። ጥበብ፣ ሱፍና ሐር ላይ ከነካ ክሩን ይበላል።

ብልን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የሚበላው ማን እንደሆነ ነው። የምትበረው ቢራቢሮ ልብስ አትበላም፤ የሚበላው እጯ ነው። እጩም የሚፈልገው ሱፍ፣ ጸጉርና ሐር ነው፤ ንጹህ ጥጥ አይፈልግም። ስለዚህ በርኖስ፣ የሱፍ ኮትና ሹራብ ናቸው መጠበቅ ያለባቸው፤ ጋቢው የሚነካው ላብ ወይም ወጥ የነካው እንደሆነ ነው። ሳይታጠብ የተቀመጠ ሱፍ ለብል የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ናፍታሊን ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በታሸገ ሳጥን ውስጥ ትነቱ ሲጠራቀም ብቻ ነው። በየመሳቢያው አንድ አንድ ፍሬ ጣል ማድረግ ሽታ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ አደጋ አለው፦ ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል፣ በናፍታሊን የተቀመጠ ብርድ ልብስም አንዳንድ ሕፃናትን የደም ማነስ ያስይዛል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀን እንመክራለን። የባህር ዛፍ ቅጠልና የጥድ ፍቅፋቂ ሽታቸው ቢራቢሮዋን ያርቃል ይባላል፤ ውስጥ የገባውን እጭ ግን አይገድሉም። እጣንም ልብሱን ያሸታል እንጂ አይጠብቀውም።

ፀሐይና ብሩሽ ከሁሉም ርካሽ ናቸው። ሱፉን ለሁለትና ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ሰቅለው ኮሌታውን፣ የኪሱን ክዳንና የእጅጌውን እጥፋት ጠንክረው ይቦርሹ፤ እንቁላሉ የሚደበቀው እዚያ ነው። ባለቀለም ልብስ ተገልብጦ ይሰጣ፤ የባቲ ፀሐይ በአንድ ቀን ያነጣዋል። ፍሪዘር ያለው ቤት ደግሞ ትንንሹን ሹራብ በላስቲክ አጥብቆ አስሮ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለአንድ ሳምንት ቢያቆየው እጩም እንቁላሉም ይሞታሉ። ሲወጣ ላስቲኩን ሳይፈቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፤ ካልሆነ ጤዛው ሱፉ ላይ ያርፋል።

ማደስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ሰልባጅ ወይስ አዲስ?

ከሁሉ በፊት ልብስ ሰፊ ጋ ይሂዱ። ካለው ልብስ አብዛኛው የማይለበሰው አርጅቶ ሳይሆን ስለማይሆን ነው። ማጥበብና ማሳጠር ሁልጊዜ ይቻላል። ማስፋት የሚቻለው ግን ውስጡ ትርፍ ጨርቅ ካለው ብቻ ነው፦ ልብሱን ገልብጠው በስፌቱ ጎንና ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትርፍ ካላዩ አይድከሙ። ለሱሪ ርዝመት ከታች 4 ሳንቲ ሜትር እጥፍ ይፈለጋል፤ ሲለኩም አብሮት የሚደረገውን ጫማ ተጫምተው ይቁሙ። የኮት ትከሻ ማጥበብ ግን ዋጋው ይበዛል፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ አያምርም። ትከሻው ካልሆነ ኮቱ የሌላ ሰው ነው።

የሀበሻ ቀሚስ ከሆነ ጨርቁ አርጅቶም ጥበቡ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ጥበቡ ለብቻው ተሠርቶ የተሰፋ ከሆነ ክሩን ፈትቶ ወደ አዲስ ጨርቅ ማዛወር ቀላል ነው። አብሮ የተሸመነ ከሆነ ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር አትርፎ መቁረጥና ጠርዙን ወዲያው መዘምዘም ያስፈልጋል፤ ላላ ያለ ሽመና ሳይዘመዘም ካደረ ይተረተራል። አዲሱ ጨርቅ ሳይቆረጥ ውሃ ይንካው፣ ይድረቅ፤ ጥጥ ይሸበሸባልና ከተሰፋ በኋላ ቢታጠብ ጥበቡ ይጨማደዳል። የጥበቡ ቀለም የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥበቡ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይጫኑት። ነጩ ከቀለመ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ሳይዘፈዘፍ ይታጠብ።

ሰልባጅ የሚመረጠው ለካፖርት፣ ለጃኬትና ለሹራብ ነው። ለደሴ ብርድ ወፍራም ሱፍ ከአዲሱ ቀጭን ኮት ይሻላል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። ወደ ብርሃን ያንሱና የብል ቀዳዳ ይፈልጉ፣ ብብቱንና የሱሪውን መገጣጠሚያ ጎተት ያድርጉ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ይክፈቱ ይዝጉ። የብብት ቢጫነት አይለቅም፤ በዋጋ አይደለሉ። ጥጡን ቤት ሲደርሱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡት፤ ሱፍ ሙቅ ውሃ ከነካው ተሸብሽቦ የልጅ ልብስ ይሆናል፤ እሱን ወደ ፍሪዘር ወይም ወደ ፀሐይ። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ጫማ ግን አዲስ ይገዙ።

አዲስ መግዛት የሚያዋጣው በቁም ሳጥኑ ውስጥ ቢያንስ ከሦስት ልብስ ጋር አብሮ የሚሄድ ሲገኝ ነው። ለቆላው ጥጥ ይመረጥ፤ ፖሊስተር ላብ ያፍናል፣ ሽታውንም ይይዛል። ለደጋው ግን ፖሊስተር የተቀላቀለበት ቶሎ ስለሚደርቅ በክረምት ይጠቅማል።

የወጣው ልብስ

ለገጠር ዘመድ የሚላክ ከሆነ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይሂድ፤ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት መላክ ሸክም መላክ ነው። ያረጀ ጋቢ አይጣልም፦ ደጋግሞ የታጠበ ጥጥ ለሕፃን መታቀፊያ ከሁሉ ይለሰልሳል፤ መሐሉ ያለቀ እንደሆነ ከአራቱ ጠርዝ ያለው ጤነኛ ክፍል ይቆረጣል። ለልዋጭ የሚሰጠው የቀረው ነው። ልዋጩ ሳህንና ባልዲ ዘርግቶ ሲደራደር ዓይን ዕቃው ላይ ያርፋልና፣ ልብሱን ከመስጠትዎ በፊት ኪሶቹን ሁሉ ገልብጠው ይፈትሹ፣ ደህና ቁልፍና ዚፕ ካለው ቆርጠው በጠርሙስ ያስቀሩ፤ ልብስ ሰፊው ጋ ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ።